የሚጮኸውና ዝም ያለው፦ ስለ ድንገተኛ ክፍል የጁምዓ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን እንደወትሮው ስለ ልብ ድርቀት ወይም ስለ ምላስ ጣጣ አይደለም። ስለ ተሰበረ እግር፣ ስለሚፈስ ደምና ስለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ ኡስታዝን ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ የጂንካ ገበያ። ከኣሪ ደጋ፣ ከቀይ አፈር፣ ከሐና በኩል ሰው ይጎርፋል። አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ተጭኖ ሲበር ታያላችሁ። ሄልሜቱ ቢኖር እንኳ ራስ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ላለው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር ከዚያ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ያልታሰረ ግመል ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

የምነግራችሁ ግን ግመሉ ካመለጠ በኋላ ስላለው ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ከሞተር ወድቆ የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሆስፒታሉን ስሙን ልተወው። ወንድሜ ግቢውን በጩኸት አናወጠው። እኔም ከእሱ ብሼ «ቀድመን የመጣነው እኛ ነን! ሰው እየሞተ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» እያልኩ ሲስተሯ ላይ ጮህኩባት። ሲስተሯ እግሩን አየች፣ ጣቶቹን ነካካች፣ ጎንና ጎኑን በካርቶን ደግፋ አሰረችለትና «እየጮኸ ነው አይደል? ጥሩ ነው» ብላኝ ሄደች። የሄደችው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወዳመጡት፣ ከእኛ በኋላ ወደደረሰ ሰውዬ ነበር። ሰውዬው አይጮህም። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አስታማሚዎቹ አማርኛ ስለማይችሉ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ሁለት ባለሙያዎች ተረባርበው ደረቱ ላይ ቱቦ ከተቱለት። በኋላ እንደሰማሁት፣ በተሰበረ ጎድን ምክንያት ሳንባው አጠገብ የታመቀ አየር ትንፋሹን ሊዘጋው ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር። በማግስቱ ተቀምጦ ሾርባ ሲጠጣ አየሁት።

እኔን እስከዛሬ የሚያስጨንቀኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሲስተሯ ጩኸቴን ፈርታ ቢሆንስ? አንዲትን ነፍስ ማዳን የሰውን ልጅ በሙሉ እንደማዳን የተቆጠረበትን የሱረቱል ማኢዳህን 32ኛ አንቀጽ ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ! ያን ቀን ግን የወንድሜ እግር ቀድሞ እንዲታሰር ስል ነፍስ ላሳልፍ ነበር። ሄጄ ዐፍው አልኳት። «ኡስታዝ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው» አለችኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ እወቁት፦ ድንገተኛ ክፍል ሰልፍ የለውም። ልየታ ነው ያለው፤ ባለሙያዎቹ ትሪያጅ ይሉታል። የደረሰው ሰው ሁሉ በር ላይ ይታያል። ትንፋሹ ይቆጠራል፣ የልብ ምቱ፣ ግፊቱና ሙቀቱ ይለካል፣ ንቃቱ ይታያል፤ ከዚያ ቀለም ይሰጠዋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚሠራበትና በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው አሠራር ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሚሉ ደረጃዎች አሉት። ቀይ አሁኑኑ ነው፤ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲታይ ይታሰባል፤ አረንጓዴ ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል። እግሩ ተሰብሮ የሚጮኽ ሰው፣ እየጮኸ ስለሆነ፣ አየር መተላለፊያው ክፍት ነው፤ አንጎሉም ደም እያገኘ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። እየጮኸ ቆይቶ ድንገት ዝም ያለው ደግሞ የባሰ ያስፈራል። አንተ አስታማሚ ከሆንክ ድምፅህን ከፍ ማድረግ ያለብህ ያኔ ነው፦ ሲገረጣ፣ ሲያልበው፣ ንግግሩ ሲንተባተብ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው። «ተለውጧል፣ ድጋሚ እዩት» በል። ቀለም በሰዓታት መሐል ይቀየራል፤ መቀየሩን ቀድሞ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ወደ መንገዱ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ አሥር ሰው ይከበዋል፣ አራቱ እጅና እግሩን አንጠልጥለው ባጃጅ ውስጥ ያጥፉታል። ኒያው ያማረ ነው። ነገር ግን የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ አደጋው ያተረፈለትን እጅና እግር በዚያ አነሳስ ልናሳጣው እንችላለን። እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋችሁ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሳያንቀሳቅስ ይጠብቅ፤ ሲነሳም ራስ፣ ትከሻና ወገቡ እንደ አንድ ግንድ አብሮ በሳንቃ ወይም በቃሬዛ ላይ ይነሳ። ደም የሚፈሰውን በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ተጫኑት፤ «ቆመ ወይ?» እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡት። የእጅ ወይም የእግር ደም በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ (ጥምጥምህም ይሆናል) አጥብቀህ እሰርና የታሰረበትን ሰዓት ጻፍ። ሐኪም ጋ ሳይደርስ አትፍታው።

ቡና፣ አፈር፣ አመድ ቁስል ላይ አትነስንሱ። እዚህ ጋ የኡሑድን ታሪክ የሚያነሳልኝ ልጅ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በኡሑድ ዘመቻ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ሲቆስል ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን እያጠበች፣ ዐሊይ (ረ.ዐ) በጋሻው ውሃ እያፈሰሰላት ነበር። ውሃው ደሙን እንደጨመረው ስታይ የሰሌን ቁራጭ አቃጥላ አመዱን ለጠፈችበት፤ ደሙም ቆመ። ቡኻሪ ዘግበውታል። እኔ ከዚህ የምወስደው አመዱን አይደለም፤ አስተዋይነቷን ነው። አየች፣ የያዘችው መንገድ እንደማይሠራ ተረዳች፣ በእጇ ካለው ሁሉ ደም የሚያቆመውን መረጠች። ዛሬ በእጃችን ንጹሕ ፋሻ አለ፤ ቲታነስ በአፈርና በቆሻሻ በኩል እንደሚገባም እናውቃለን። ሆስፒታል ስትደርስ ለቁስል የሚወጉህ አንዱ መርፌ የዚሁ መከላከያ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልግባ፤ ወጌሻ። ወጌሻን ሁሉ አላወግዝም፤ ወለምታ በእጃቸው የዳነ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን በአገራችን ሆስፒታሎች የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ከልክ በላይ ተጠብቆ መታሰሩ ነው። የተሰበረ ቦታ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ደሙ መመላለሻ ያጣል፣ ሥጋው ይሞታል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «ቻል፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይባላል። አይደለም! ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም አልንቀሳቀስ ካሉ ማሰሪያውን አላልተህ በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ እስከ ንጋት አይጠበቅም። በሆስፒታል የታሰረ ጀሶም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። አጥንቱ ቆዳ ሰንጥቆ ከወጣ ደግሞ ወጌሻ ጋ መውሰድ ጨርሶ አይታሰብም። ቶሎ ካልታጠበና ቶሎ መድኃኒት ካልጀመረ ይመረቅዛል።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ ሳስታውስ ሁሌም ይህ ይመጣብኛል። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተፈነከተ። ሌሊት ጀናባ ሆነና ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ ፍቃድ አናይልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ንግግራቸው ከባድ ነበር፦ ሰዎቹን ገዳዮች አደረጓቸው። የማያውቁትን ለምን እንዳልጠየቁ ወቀሱ፤ የአላዋቂነት ፈውሱ መጠየቅ እንደሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ጓደኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። ለዲን የቆሙ መስሏቸው ነበር። በቅን ልብና ያለ ዕውቀት የራስ ቁስለኛን ሰው ገደሉ።

ከበሩ ወደ ውስጥ እንግባ። ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው ሲገባ የሚደረገው ነገር ለቤተሰብ ያስደነግጣል። ልብሱ በመቀስ ይቀደዳል። ስሙን ደጋግመው ይጠይቁታል፣ ካልመለሰ ደረቱን በእጅ አንጓ ይጫኑታል፤ ማሰቃየት አይደለም፣ የአንጎሉን ንቃት መመዘኛ ነው። አንገቱ ይደገፋል፣ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ በሁለቱም ክንዶቹ ወፍራም መርፌ ይገባል። ቅደም ተከተሉ በመላው ዓለም አንድ ነው፦ የአየር መንገድ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ደም፤ የተሰበረው እግር ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ሆዱ ላይ ቅባት አድርገው በአልትራሳውንድ የሚያዩት ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም እንዳለ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ በሱብሒ ሶላት ላይ በተወጉ ጊዜ ነቢዝ አጠጧቸው፣ በሆዳቸው ቁስል ወጣ፤ ወተት አጠጧቸው፣ እሱም ወጣ። ያኔ አንጀታቸው መበሳቱና እንደማይተርፉ ታወቀ። የዚያ ዘመን ምርመራ ያ ነበር። ዛሬ የተሻለ ሰበብ ሰጥቶናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ከመጠጥ ሳልወጣ፦ ለተጎጂ ውሃ፣ ማር፣ ወተት አትስጡ። አዎ፣ ዘምዘምም ቢሆን። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው በማደንዘዣ ውስጥ ሆዱ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። «ኡስታዝ፣ ዘምዘም እንዴት ይከለከላል?» ብትለኝ፣ ዘምዘሙ አልተከለከለም፤ ሐኪሙ «አሁን ይጠጣ» እስኪል ቆየው ነው ያልኩህ። እስከዚያ ሩቅያህን ቅራለት፤ ሩቅያ ሆድ አይሞላም።

እህቶቼ ስለ ዐውራ ትጠይቃላችሁ። ነፍስ በሚያሰጋበት ሰዓት ሴት ሐኪም እስክትመጣ እየተባለ መዘግየት አይገባም፤ ዶሩራ ሲሆን በዶሩራው ልክ ይፈቀዳል። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ዘምተው ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ በቀስት ክንዳቸው ላይ ሲመቱም ድንኳን የተተከለላቸው እዚያው መስጂዱ ውስጥ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሊጠይቋቸው ፈልገው። ሆኖም ምርመራው ሲያልቅ «እባካችሁ ነጠላ አልብሱልኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ ደግሞም የደማ ሰው ብርድ አይወድም፣ መሸፈኑ ሕክምናም ነው።

ሰው እየደማ ከሆነ ደም ይጠየቃል። እዚህ ላይ ወጣቱ ሲሸሽ አይቻለሁ፤ አጎት ሲቀር፣ ጓደኛ ስልኩን ሲያጠፋ። ጤነኛ ከሆንክ፣ 18 ዓመት ከሞላህና ክብደትህ ከ45 ኪሎ ካላነሰ መስጠት ትችላለህ፤ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ ሰውነትህም ይተካዋል። ደም መለገስ እንደሚፈቀድ የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል። ደም እንደ ጡት ወተት መሕረምነት አያመጣም፤ ስለዚህ «ደም ከሰጠኋት ላገባት አልችልም ወይ?» ብለህ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ስጣት፣ ከዚያም ሽማግሌ ላክ። ደሙ ለሙስሊምም ሙስሊም ላልሆነም ይሰጣል። ማኢዳህ ላይ ያለው ቃል «ነፍስ» ነው።

በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግጓል፤ «ገንዘብ ስለሌለን» ብላችሁ ወደ ቤት አትመልሱት። የጤና መድህን ደብተር ካለ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ፣ የወትሮ አሠራር ነው።

ሌላም ነገር በር ላይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፦ ትኩሳት አለው? የት ነበር? ከማን ጋር ነበር? በዚህ የሚቆጣ አለ። ኅዳር 5 ቀን 2018 የማርበርግ ቫይረስ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ የተረጋገጠው በዚህችው በጂንካ ነው። ቀኑ ጁምዓ ነበር። ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። የማርበርግ ቫይረስ የሚተላለፈው በደምና በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ደም የሚነካበት ክፍል ነው። እንግዲህ ነርሷ ጓንት እስክታጠልቅ የምትጠብቃት ግማሽ ደቂቃ «ንቀውን ነው» አትበላት። አንተም ብትሆን በባዶ እጅህ የሰው ደም አትንካ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል አጥልቅ።

«ሪፈር» ሲባል ቤተሰብ ያለቅሳል፤ ሰውየው የተጣለ ይመስለዋል። የአንጎል ደም መፍሰስ፣ የአከርካሪ ስብራት፣ የተወሳሰበ አጥንት ልዩ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋል። ከጂንካ በኮንሶ በኩል አርባ ምንጭ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ 750 ያህል። እዚያ ከጥቁር አንበሳ ሌላ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው አሉ፤ እኔ ግን በአማርኛው ነው የምሰማው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የተረጋጋ መሆኑን ጠይቁ፦ ደሙ ቆሟል? ኦክስጅኑ እስከ መድረሻ ይበቃል? አብሮ የሚሄድ ባለሙያ አለ? ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎለታል? ወረቀቱንና ራጁን ከአስታማሚዎች አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ደም መፍሰስን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ለዚህ ነው «በቀጥታ አርባ ምንጭ እንውሰደው» ብሎ በቅርብ ያለውን ሆስፒታል ማለፍ የሚጎዳው።

ያ ዝም ያለው ሰውዬ ካስተማረኝ አንዱን ልጨምር። አካባቢያችን ብዙ ብሔረሰቦች ያሉበት ነው። የሐመር፣ የሙርሲ፣ የዳሰነች፣ የኣሪ ወንድሞቻችን ሆስፒታል ሲደርሱ የሚያመውን ቦታ እንኳ መናገር የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። ከእናንተ ውስጥ በንግድ ምክንያት ቋንቋቸውን አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ አላችሁ፤ ፍየልና ማር ስትገዙበት ሰምቻለሁ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሆስፒታሉ ሄዳችሁ «አስተርጓሚ ሲያስፈልጋችሁ ደውሉልን» ብላችሁ ስልካችሁን ትታችሁ ኑ። በዚያው የአምቡላንሱን ቁጥር ወደ ስልካችሁ ገልብጡ።

የደረሱኝን ጥቂት የኢባዳ ጥያቄዎች ባጭሩ ልመልስ። ተጎጂ ንቃት እስካለው ድረስ ሶላት አይወድቅበትም፤ ቆሞ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ፣ ካልቻለ በምልክት ይሰግዳል። ቀዶ ሕክምና ሊገባ ከሆነ ዙህርና ዐስርን፣ መግሪብና ዒሻን ማጣመር ለበሽተኛ የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ። ልብሱ በደም ተነክሮ መቀየር ካልቻለ እንዳለ ይስገድ፤ ዑመር (ረ.ዐ) ቁስላቸው እየደማ ሰግደዋል። ጀሶ ያለበት ሰው ውዱእ ሲያደርግ የቀረውን አጥቦ ጀሶው ላይ በእርጥብ እጅ ያብሳል፤ አይፈታውም። ራሱን ያልሳተ አዋቂ ለቀዶ ሕክምና የሚፈርመው ራሱ ነው፤ ቤተሰብ ቢመክረው ጥሩ ነው፣ በሩን ዘግቶ ሲከራከር ግን ጊዜው ያልፋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት እህቴ ነው። የልጇ እጅ ከክርኑ በታች ተቆርጧል። የተቆረጠውን ምን እናድርገው፣ እንሰግድበት ወይ፣ ልጁስ ውዱእ እንዴት ያደርጋል ትላለች። እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። በሕይወት ካለ ሰው የተለየ አካል አይታጠብም፣ አይሰገድበትም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ሆስፒታሉን ብትጠይቂ ይሰጡሻል። ልጅሽ ከክርኑ በታች የተረፈለትን ያጥባል፤ የሌለው ላይ ግዴታ የለበትም። በሌላው እጁ መጻፍ ጀምሯል ብለሻል፤ መድረሳ ላኪው፣ ከፊት እናስቀምጠዋለን።

ወላሁ አዕለም።